አሳድጌሃለሁ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እንቁላሉን የጣለችው አንዲት ወፍ ናት። አቅፋ የፈለፈለችው ሌላ ናት። ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ ያበላው፣ ያሞቀው፣ ከድመት የጠበቀው ሰው ነው። ጫጩቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ቡና ላይ ለወዳጆቼ ባቀርብላቸው መልሱ እንደየሙያቸው ሆነ። ጠበቃው ወዳጄ «እንቁላሉ የተገኘው በማን መሬት ላይ ነው?» ብሎ ጀመረ። ነጋዴው «መኖውን የገዛው ማን ነው?» አለ። አንዷ ግን ስኒዋን አስቀምጣ «ቆይ እንጂ፣ ጫጩቱስ ምን አለ?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። መቼም ጫጩት ምን ይላል! እኔ ግን ሳቁ አልዘለቀልኝም። ጥያቄው ለእኔ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አልነበረማ። በቤተሰባችን ውስጥ አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ አለ። እሱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ወፎቹ ትዝ ያሉኝ። እንግዲህ በወፎቹ ልጀምር።

ያደግሁት አሰላ፣ አክስቴ ቤት ነው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጭላሎን ተንተርሳ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሀገሬው ሰው አሰላ ሲባል ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ሩጫን ያስባል። እኛ ግን ከሩጫው በፊት ትዝ የሚለን ስንዴው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከቁሉምሳ ጀምሮ እስከ ጭላሎ ግርጌ ድረስ አገሩ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ኮምባይነር ይገባል፤ ከኮምባይነሩ ኋላ ደግሞ ልጆች ይከተላሉ። ቃርሚያ ለመልቀም፣ ማሽን ለማየት፣ አቧራ ለመጠጣት።

እንዲህ በአንዱ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደ ጽዋ ይዞ ከማሳ ተመለሰ። ውስጡ አሥራ አንድ ትንንሽ እንቁላል አለ፤ ቡናማ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ። ኮምባይነሩ ሊደርስ ሲል እናቲቱ ከእግሩ ሥር ቱር ብላ ተነሣች። ጎንበስ ብሎ ሲያይ እንቁላሎቹ መሬት ላይ፣ በገለባ መሐል ተደርድረዋል።

የድርጭት ነበሩ።

ድርጭት የሚለውን ስም አብዛኛው ከተሜ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ «ሥጋ አማረን» ብለው ሲያጉረመርሙ የወረደላቸው ወፍ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቁርዓን ከመና ጋር የሚያነሣውን ሰልዋ ይሉታል። አርሲ ላይ ግን ድርጭት የማሳ ወፍ ናት። ከቆቅ ታንሳለች፤ ከጅግራማ ጭራሽ አትወዳደርም። በአንድ መዳፍ ትያዛለች። ድምፅዋን በየማለዳው ይሰሙታል፤ እሷን ለማየት ግን ሊረግጧት መድረስ አለብዎት። በኢትዮጵያ ደጋ ኗሪ የሆነች አለች፤ በክረምታቸው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ባሕርና በረሃ አቋርጣ የምትመጣ እንግዳም አለች።

አክስቴ ባርኔጣውን አየችና «ወይ አንተ ልጅ! እናቲቱ ምን በደለችህ?» አለች። እሱም መልስ አላጣም። «እትዬ፣ እኔ ባላነሣው ኮምባይነሩ ያደቀው ነበር!» እውነቱን ነው። ይህችን መልስ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንደ ዕድል ሆኖ ጓዳ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላሏን ከታቀፈች ሦስት ቀን ሆኗታል። አሥራ አንዱን እንቁላል አንሥታ በዶሮዋ ክንፍ ሥር አንድ በአንድ የሸጎጠችው አክስቴም፣ የአክስቴ ልጅም፣ እኔም አልነበርንም። ልጅቷ ናት። ስሟን ልተወው። ከጭላሎ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ሁለት ዓይነት እንቁላል አንድ ላይ አይሆንም፤ ቀናቸው ይለያያል» አለች። ማንም አልሰማትም።

ቀናቸው ይለያያል! ኋላ በመጽሐፍ ሳነብ ነው የገባኝ። የዶሮ እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ይታቀፋል። የድርጭት አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ቀን ይበቃዋል። የእኛዎቹ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናታቸው ማሳ ላይ ጨርሳላቸዋለች። ስለዚህ እኛ ቤት በገቡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዶሮዋ ሥር ጭርጭርታ ተሰማ። እንግዲህ ዶሮዋ ከታቀፈች አሥራ አምስት ቀኗ ነው፤ የራሷ እንቁላሎች ገና ስድስት ቀን ይቀራቸዋል።

አሁን የዶሮዋን ነገር አስቡት። ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ እናት ተነሥታ ልታሰማራ ነው ተፈጥሮዋ። ብትነሣ የራሷ እንቁላሎች በርደው ይሞታሉ። ብትቀመጥ የንብ ያህል የሆኑት እንግዶች ይራባሉ። በነገራችን ላይ፣ እኛ ሰዎች የዶሮን እናትነት እንደፈለግን ስንከፍትና ስንዘጋ ነው የኖርነው። ጫጩት ስንፈልግ እናስታቅፋታለን። እንቁላል ስንፈልግ ደግሞ «መታቀፏን ትተው» ብለን ወይ ቁልቁል እንሰቅላታለን፣ ወይ ላባ በአፍንጫዋ እንሰካለን፣ ወይ ጎጆዋን እንድትረሳ ለጎረቤት ሁለት ሦስት ቀን እናውሳታለን። በየገጠሩ ያለ ብልሃት ነው። ዶሮዋ ምን እንደሚሰማት የጠየቀ የለም።

ያን ቀን መፍትሔ ያገኘችው ልጅቷ ነበረች። ሰባት ድርጭቶች ተፈልፍለዋል። አንድ ስምንተኛ እንቁላል ተሰንጥቆ ቆመ። እኔ ቸኩዬ ቅርፊቱን ልልጥለት ስል እጄን መታችኝ። «ተው ጋሼ! ደሙ አልገባም» አለችኝ። እውነትም ጫጩት ቅርፊቱን ከነደለ በኋላ ገና በውስጡ ያለውን ደምና አስኳል ወደ ሰውነቱ ይስባል፤ ያን ሳይጨርስ የሚጎትተው ሰው ያደማዋል። መርዳትና መቸኮል መልካቸው አንድ ነው። ስምንተኛው አልወጣም። ብልጠው ኖሮስ? አላውቅም።

ሰባቱን በእንቅብ አድርጋ፣ የሞቀ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ አብራ አስቀምጣ፣ ወደ ምድጃው አስጠጋቻቸው። ዶሮዋ ከራሷ እንቁላል ጋር ቀረች። ከስድስት ቀን በኋላም ስምንት ጫጩት ፈለፈለች። የዶሮዋ ጭንቅ በዚህ ተፈታ። የድርጭቶቹ ግን ተጀመረ።

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ጥሩ ተረት ነው። ግን አንድ ነገር ዘሏል። እንቁላል ብቻውን አይሄድም፤ አንድ ሰው ወይ አንዲት እናት ሌሊት እየተነሣች ካላሞቀችው በስተቀር። መፈልፈል እኮ ቀላሉ ነገር ነው። ግብፆች ዶሮ ሳያስታቅፉ በምድጃ ሙቀት እንቁላል ማስፈልፈል ከጀመሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አርስጣጣሊስ እንኳ የግብፆቹን ነገር አንሥቶታል። ዛሬ ደግሞ ወደ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኩል የሚሞቅ ሣጥን መብራት ካልጠፋበት ሥራውን ይሠራል። «መብራት ካልጠፋበት» የምትለዋን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሚር በተባለው የሶቪየቶች የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የድርጭት እንቁላል ተፈልፍሏል። ከምድር ውጭ የተፈለፈለ የመጀመሪያው ወፍ ድርጭት ነው ማለት ነው። ክብደት በሌለበት ቦታ ግን ጫጩቶቹ እግራቸውን የሚተክሉበት አጥተው ተንሳፈፉ፤ ራሳቸውን ችለው መብላት አቃታቸው። ሰው ጠፈር ላይ ማስፈልፈል ችሏል። ማሳደግ ግን ሌላ ነገር ሆነበት።

እኛም ቤት እንደዚያው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ውኃ በቀረበበት የቆርቆሮ ክዳን ውስጥ ሰምጦ ተገኘ። ጥልቀቱ ከጥፍር አይበልጥም። ልጅቷ ከጓሮ ጠጠር ለቅማ ክዳኑ ውስጥ ደረደረች፤ ከዚያ ወዲህ በጠጠሮቹ መሐል እየጠቀጠቁ ይጠጡ ጀመር። የታኅሣሥ ሌሊት የአሰላ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጠርሙሱ በቀዘቀዘበት በአንዱ ሌሊት ሁለቱ ተደራርበው ደርቀው አደሩ። አራት ቀሩ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍራ፣ ጉንዳን ከነእጩ ፈልጋ ታበላቸው ነበር። ማን? ያው ልጅቷ። እኔ ምን አደረግሁ? እኔማ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየጠራኋቸው ሲከተሉኝ «እናታቸው ነኝ» እያልኩ ሰፈሩን አዞር ነበር።

ስለዚህ መከተል ኮንራድ ሎሬንትስ የተባለ ኦስትሪያዊ ሊቅ ብዙ ጽፏል። የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል ሲወጡ መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናት ብለው እንደሚከተሉ አሳየ፤ እሱንም ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ማርጋሬት ቪንስ የተባለች እንግሊዛዊት ደግሞ በ1960ዎቹ የድርጭት ጫጩቶች ገና በእንቁላል ውስጥ ሳሉ በድምፅ እንደሚጠራሩ፣ የዘገየው የቀደሙትን ሰምቶ እንደሚፈጥን አረጋገጠች። አብረው ለመውጣት በቅርፊት ውስጥ ይመካከራሉ እንደማለት ነው። እንግዲህ ጫጩት ሲከተለን እኛን መርጦ አይደለም። ሌላ ስላላየ ነው። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ምርጫ ግን አልነበረውም። አሳዳጊ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነበር።

አራቱ አደጉ። የአክስቴ ልጅ በሽቦ ወንፊትና በጣውላ ቤት ሠራላቸው። ድርጭት ሲደነግጥ እንደ ዶሮ አይሮጥም፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይወነጨፋል። ሽቦው አናታቸውን አደማው። ልጅቷ አሮጌ ጆንያ ከጣራው ሥር ወጠረችላቸው። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሣው።

የአክስቴ ልጅ «ጥር ላይ እናርዳቸው» አለ። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ከኮምባይነር አፍ ነው ያወጣኋቸው። ዕድሜያቸው የእኔ ነው።» አክስቴ «አራቱ ተደምረው አንድ ጉርሻ አይወጣቸው፤ ተዋቸው ይኑሩ» አለች። እኔ ደግሞ እንልቀቃቸው ባይ ሆንኩ፤ መጽሐፍ ላይ ወፍ መልቀቅ ጥሩ ነገር ነው ተብሎ አንብቤያለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት የአርሲ ኦሮሞ፣ አባባ ነበር የምንላቸው፣ ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ጭልፊት አሳይተሃቸዋል?» አሉኝ። «የለም አባባ።» «ከድመት መሸሽስ?» ድመታችን ከሽቦው ሥር ተኝታ ነበር። «እንግዲያ እየለቀቅህ አይደለም፤ እየጣልህ ነው» አሉኝ።

ነፃነት የሚለው ቃል መጣል ለሚባለው ነገር መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የአክስቴን ልጅ ደግሞ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀሉ ገሠጹት። «ያዳነ ጌታ ነው ያለህ ማን ነው? ጎርፍ የወሰደውን ሰው ብታወጣ ባሪያህ ነው? ‹ጉዲሱ› ብለናል እኮ በእኛ ቋንቋ። ማሳደግ ነው። ማሳደግ ዕዳ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።» በመጨረሻ የሽቦውን ቤት ማሳ ዳር ወስደን፣ በሩን ከፍተን፣ ለሁለት ሳምንት ጥሬና ውኃ እየወሰድን ተመላለስን። ተመላለስን ስል ልጅቷ ተመላለሰች ማለቴ ነው። ሁለቱ በሦስተኛው ቀን አልተመለሱም። አንዷን ሸለምጥማጥ በላት መሰለኝ፤ ላባዋን አገኘን። አንዱ እስከ መጨረሻው ምሽት ምሽት እየመጣ ያድር ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ። ደግ አደረግን ወይስ ክፉ? ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ቢያንስ ግን «አሳድገናችሁ!» ብለን አልተከተልናቸውም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሴት እጅ ያደግነው ድርጭቶቹ ብቻ አልነበርንም። እኔም የመጣሁት ከሌላ ቤት ነው። ልጅቷም እንደዚያው። ሁለታችንም ስንመጣ የተባለው ቃል አንድ ነበር፤ «እናሳድጋቸዋለን።» እኔ ደብተርና ዩኒፎርም ተገዛልኝ። እሷ «ለሚቀጥለው ዓመት» ተባለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ሳይመጣ ቀረ። እኔ በሁለት ዓመት እያነስኳት በስሜ ይጠራኛል፤ እሷ ግን «ጋሼ» ትለኛለች። አክስቴ መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ማለት ግዴታዬ ነው። አልመታቻትም፤ አላስራበቻትም። ግን ለእኔ አንድም ቀን «አሳድጌሃለሁ» ብላኝ አታውቅም። ለልጅቷ ነበር የምትላት። ሳህን ሲሰበር፣ ገበያ ስትዘገይ፣ አንዴ ደግሞ «ማታ ትምህርት ልግባ» ስትል። «አሳድጌሽ!»

ልብ በሉ፤ ቃሉ አንድ ነው። ለአንዱ ስጦታ ሆኖ ሳይነገር ይቀራል፤ ለሌላዋ ሂሳብ ሆኖ ይመጣል። የሚገርመው ደግሞ ብዙ የተደረገለት አለመጠየቁ፣ ትንሽ የተደረገላት መጠየቋ ነው።

ልጅቷ እዚያ ቤት ወደ ሃያ ዓመት ኖረች። አክስቴ በመጨረሻ አልጋ ላይ ስትወድቅ አገላብጣ ያጠበቻት እሷ ናት። የአክስቴ ልጅ ውጭ አገር ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ በስልክ «እንዴት አደረች?» ስል ነበር። አሁን አክስቴ አርፋለች። ቤቱ ሊሸጥ፣ ገንዘቡም ሊከፋፈል ነው። በዝርዝሩ ላይ የአክስቴ ልጅ አለ፤ በኑዛዜዋ እኔም አለሁ። «እሷስ?» ብዬ ብጠይቅ ከባሕር ማዶ የመጣው መልስ አንድ ቃል ነው። «አሳድገናት!»

ያቺን የኮምባይነር መልስ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ይኸውላችሁ፤ ያው መልስ ነው። «እኛ ባናመጣት ገጠር ምን ይጠብቃት ነበር?» ሊሆን ይችላል፤ ኮምባይነር ይጠብቃት ይሆናል። ግን ሰውን ከባሰ ነገር ማውጣት ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን ሁሉ አይገዛም። ቢገዛማ ኖሮ ሐኪም ሁሉ የበሽተኛው ባለቤት ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «ታዲያ ዶሮስ? አሳድገህ አርደህ ትበላ የለም ወይ?» ትክክል ነው፤ እበላለሁ፤ ዶሮ ወጥም እወዳለሁ። ልዩነቱ ግን ይህ ይመስለኛል። ዶሮን የምናሳድጋት ለእኛ ነው፤ ለእሷ ነው ብለን አንዋሽም። በዚያም ላይ ቢሆን ዓለም መጠየቅ ጀምሯል። እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች በሚያስፈለፍሉ ድርጅቶች ወንድ ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል፤ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር። ጀርመን ይህን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። ለጫጩት እንኳ እንዲህ ከተባለ፣ ለሰው ልጅ የበለጠ ማሰብ የግድ ነው። ሕፃን ስናመጣ «ለራሷ ብለን ነው» እንላለን፤ ሥራውን የምታሠራን ግን ለእኛ ነው። ነውሩ ማሠራቱ ላይ ብቻ አይደለም። ለእኔ ያደረግሁትን ለአንቺ ብዬ ነው ማለቱ ላይ ነው። ሠራተኛ ብንላት ደመወዝ ትጠይቃለች። ልጅ ብንላት ውርስ ይገባታል። «ያሳደግናት» ስንላት ሁለቱንም ታጣለች።

አርሲ ስለ ማሳደግ ብዙ የምታውቅ አገር ናት፤ የቃሉንም ሁለት ገጽታ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት፣ ካዱ የምንለው፣ ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ሠራ፤ ምርት አደገ። ምርቱ ሲያድግ ግን ብዙ ባለ መሬቶች በትራክተር ራሳቸው ማረስ እንደሚያዋጣቸው አዩና ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። ስንዴው አደገ፤ ሊያድግ የታሰበው ሰው ግን ከመሬቱ ወጣ። ያሰቡት ክፉ አልነበሩም። ብቻ ማሳደግ ሲባል ማን እንደሚያድግ ዘወትር መጠየቅ አለበት።

ሌላው ገጽታ ደግሞ ይህ ነው። ጉዲፈቻ የምንለው ቃል አማርኛ አይደለም፤ ከኦሮሞ የመጣ ነው። ሥሩ አባባ ያሉት ‹ጉዲሱ› ነው፣ ማሳደግ። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ «ያሳደግነው» ተብሎ በር ላይ አይቀመጥም። ልጅ ነው። ስሙም፣ ዘሩም፣ ውርሱም ከተወለደው እኩል ነው። የቤተሰብ ሕጋችንም፣ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ቃሉን ከነሐሳቡ ወስዶ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ አሳዳጊው ልጅ ቆጥሮታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በአዋጅ ተከልክሏል። ያኔ ብዙ ተነጋገርን፤ ባሕር ተሻግረው የሚሄዱ ልጆች ነገር አሳስቦን ነበር። ጭላሎን ተሻግረው ወደየጓዳችን ስለሚመጡት ግን ያን ያህል ስንነጋገር አልሰማሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን ነገር ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ብሎ ለብቻው አስቀምጦታል።

«እንግዲያው አሳዳጊ ምንም አይገባውም ወይ?» ለሚለኝ፣ ይገባዋል እላለሁ። ምስጋና ይገባዋል። ምስጋና ግን የሚሰጥ እንጂ የሚሰበሰብ አይደለም። የተጠየቀ ምስጋና ግብር ይሆናል። እኔ አክስቴን እስክሞት አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ስላልጠየቀችኝ ነው። ልጅቷም ታመሰግናታለች፤ ብትጠየቅም ያለ ሂሳብ አስታማታለች። ከእኛ ከሁለታችን የበለጠ የከፈለው ማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም።

ባለፈው ጥር አሰላ ሄጄ አገኘኋት። ገበያ አጠገብ ሻይ ታፈላለች። ገና ስታየኝ ተነሥታ «ጋሼ! መቼ መጡ?» አለችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል። የቤቱን ነገር አነሣሁባት፤ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ «እኔ ምን አገባኝ ጋሼ፣ አሳድገውኛል» አለች። ይሄ ነው ያሳመመኝ። ቃሉን እኛ ብቻ ሳንሆን እሷም አምናዋለች። ከዚያ ሻዩን እየቀዳች በድንገት «ድርጭቶቹን ያስታውሷቸዋል?» አለችኝ። ከአራቱ አንዱ ጫጩቶች አስከትሎ በማሳው ዳር አይታው ነበር አለች፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ መሰለኝ፣ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። እሷ ግን እሱ ነው ትላለች፤ ከማንም በላይ ታውቃቸዋለችና አመንኳት።

ለአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ወይ ሃያ የሥራ ዓመት ደመወዝ አስልተን እንክፈል፣ ወይ ሦስተኛ ልጅ ናት ብለን ቤቱን ለሦስት እንክፈል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ፣ ሦስተኛ መንገድ የለም ብዬዋለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም። መልሱ ምንም ይሁን ምን ከእኔ ድርሻ ልሰጣት ወስኛለሁ፤ እሱንም ብትሆን ደግነት ብዬ እንዳልጠራው ራሴን አስጠንቅቄያለሁ። ዕዳ ሲከፈል ደግነት አይባልም።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ራት የምታቀርብላችሁን ልጅ ቀና ብላችሁ እዩዋት። በቤታችሁ ስሟ ማን ነው? ሠራተኛ ናት ወይስ ልጅ? «እያሳደግናት ነው» የሚል መልስ ወደ አፋችሁ ከመጣ ግን፣ እባካችሁ፣ እሷንም ጠይቋት።